ክፍት ምንጭ ሶፍትዌርና ዲጂታል የመንግሥት አስተዳደር በጋምቤላ ክልል

በጋምቤላ ክልል የመንግሥትን ሥራ ከመዝገብና ከፋይል ወደ ኮምፒውተርና ኔትወርክ የማሸጋገሩ ጉዞ የተጀመረው በ1990ዎቹ ዓ.ም. ነው። ዛሬ በክልሉ ብዙ ሰው ከሚነኩት ሥርዓቶች ሁለቱ የቆሙት በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ላይ ነው። አንደኛው የጤና ሪፖርት የሚሰበሰብበት ዲኤችአይኤስ 2 ሲሆን ሌላው ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ ነው።

ክፍት ምንጭ የሚባለው የተጻፈበት ኮድ ለማንም የሚታይ፣ ያገኘው ሰው ሊጠቀምበት፣ ሊያሻሽለውና መልሶ ሊያሰራጨው በሕግ የተፈቀደለት ሶፍትዌር ነው። ብዙ ጊዜ የፈቃድ ክፍያ የለውም። ይሁንና ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ትልቁ ጥቅሙ ነፃ መሆኑ አይደለም፤ አገሩ ሶፍትዌሩን ለራሱ አሠራር ማስማማት መቻሉ፣ ሻጩ ቢጠፋ ወይም ዋጋ ቢጨምርም መረጃው ታግቶ አለመቅረቱ ነው። ይህ ልዩነት ከዋና ከተማው በራቀ ክልል ይበልጥ ጎልቶ ይታያል።

የክልሉ ሁኔታ

ጋምቤላ ከተማ በባሮ ወንዝ ዳር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ በሆነ ሞቃት ቆላ ላይ ትገኛለች። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ስምምነት መሠረት የንግድ ጣቢያ ሆና የተቆረቆረች ስትሆን፣ በክረምት ከሱዳን በወንዙ ሽቅብ የሚመጡ መርከቦች ዕቃ የሚያራግፉባት ወደብ ነበረች። ክልሉ ዛሬ የአኝዋ፣ የኑዌርና የመዠንግር ብሔረሰብ ዞኖችን እንዲሁም ኢታንግ ልዩ ወረዳን ይዟል። ነባር ብሔረሰቦቹ አኝዋ፣ ኑዌር፣ መዠንግር፣ ኦፖና ኮሞ ናቸው። በ1999ኙ ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 307,096 ነበር። የክልሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው።

ለዲጂታል ሥራ ፈተና የሚሆነው በመጀመሪያ መሬቱ ነው። ባሮ፣ አልዌሮ፣ ጊሎና አኮቦ በክረምት ሲሞሉ በኑዌር ዞንና በኢታንግ ሜዳው ውኃ ይሆናል፤ መንገድ ይቆረጣል፤ ወረዳዎች ከከተማው ይነጠላሉ። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ስፍራ ሁልጊዜ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘትን የሚጠይቅ ሥርዓት ለሥራ አይሆንም። ሙቀቱም ለባትሪና ለኮምፒውተር ጠላት ነው።

ከወረዳኔት እስከ ዲጂታል ኢትዮጵያ

ክልሎችንና ወረዳዎችን ከፌዴራል መንግሥት ጋር በኔትወርክ ያገናኘው የመጀመሪያው ሰፊ ሙከራ ወረዳኔት ነው። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በአቅም ግንባታ ሚኒስቴር ዘመን የተዘረጋ ሲሆን፣ በሳተላይት ዲሽ አማካኝነት በቪዲዮ ስብሰባ እንዲካሄድበት፣ መልእክትና ሰነድ እንዲላክበት ታስቦ ነበር። በዚያው ወቅት ስኩልኔት በተባለው የትምህርት ቤቶች ኔትወርክ አማካኝነት ተማሪዎች በፕላዝማ ትምህርት ይከታተሉ ነበር። ወረዳኔት ርቀትን ለማሸነፍ የታለመ ትልቅ ሐሳብ ነበር፤ ግን መስመር እንጂ አገልግሎት አልነበረም። ባለጉዳዩ የልደት ምስክር ወረቀት ወይም የንግድ ፈቃድ ሲፈልግ እንደ ወትሮው ወደ መስኮቱ ይሄድ ነበር።

መንግሥት በሰኔ 2012 ዓ.ም. ያጸደቀው የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ ትኩረቱን ወደ አገልግሎቱ አዞረ። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በስክሪን የተሠራ ሥራ በወረቀት ከተሠራው እኩል በሕግ ፊት እንዲቆም መንገድ ከፈቱ። ሁሉም ነገር ግን ክፍት ምንጭ አልሆነም። ለምሳሌ የመንግሥት ፋይናንስ የሚመራበት ኢፍሚስ የተገነባው በኦራክል ኩባንያ ምርት ላይ ነው።

የጤና መረጃ፦ ዲኤችአይኤስ 2

ክፍት ምንጭ በኢትዮጵያ የመንግሥት አስተዳደር ውስጥ በጥልቀት ሥር የሰደደው በጤናው ዘርፍ ነው። ዲኤችአይኤስ የተጀመረው በደቡብ አፍሪካ ነው፤ የአፓርታይድ ሥርዓት ሲያበቃ በየዘሩ ተከፋፍሎ የነበረውን የጤና አስተዳደር መረጃ አንድ ላይ ማሰባሰብ አስፈልጎ ነበር። በኋላ በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በድረ ገጽ የሚሠራውን ሁለተኛውን ትውልድ አዳበረ። ጤና ሚኒስቴር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ባካሄደው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ውስጥ “የመረጃ አብዮት” የሚል አጀንዳ ነበር፤ ዲኤችአይኤስ 2 ቀደም ሲል ይሠራበት የነበረውን ኢ-ኤችኤምአይኤስ ተክቶ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ የዋለው በዚያ አጀንዳ ሥር ነው።

አሠራሩን ለመረዳት አንድ ቁጥር ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ መከተል ይበቃል። በላሬ ወረዳ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሕፃናትን የኩፍኝ ክትባት ትከትባለች እንበል። እያንዳንዱን ሕፃን በመዝገብ ትጽፋለች፤ በታሊ ወረቀት ላይ ጭረት ታደርጋለች። ወሩ ሲዘጋ ጭረቶቹ ተደምረው ወደ ጤና ጣቢያው ይሄዳሉ። በዚያ የጤና መረጃ ባለሙያው፣ በተለምዶ ኤችአይቲ የሚባለው፣ የጤና ኬላዎቹን ሪፖርት ተቀብሎ ወደ ዲኤችአይኤስ 2 ያስገባል። ከዚያ ወዲያ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቱ፣ ጋምቤላ ከተማ ያለው የክልሉ ጤና ቢሮና አዲስ አበባ ያለው ሚኒስቴር ያንኑ ቁጥር ያያሉ። ድሮ ይህ ቁጥር በየደረጃው እንደ አዲስ እየተጻፈ፣ በየደረጃውም እየተሳሳተ ነበር የሚጓዘው።

የክፍት ምንጭ ጥቅም በተግባር የታየው ብዙ ሰው ልብ በማይለው ጉዳይ፣ በቀን መቁጠሪያ ነው። የኢትዮጵያ የጤና ሪፖርት ወር ካለፈው ወር 21 እስከ ያዝነው ወር 20 ይቆጠራል። ስለዚህ የመስከረም ሪፖርት ከነሐሴ 21 ተነሥቶ ጳጉሜንን ጠቅልሎ መስከረም 20 ላይ ሲዘጋ 35፣ በዘመነ ዮሐንስ መግቢያ ደግሞ 36 ቀን ይሆናል። ይህን የማያውቅ ሰው የመስከረምን አሐዝ ከጥቅምት ጋር ቢያስተያይ በሽታ የጨመረ ይመስለዋል። አሥራ ሦስት ወር ያለውን ዘመን አቆጣጠር ለአንድ ገበያ ብሎ ወደ ምርቱ የሚያስገባ የውጭ ሻጭ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ኮዱ ክፍት በሆነው በዲኤችአይኤስ 2 ግን የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ሊካተት ችሏል። ለጋምቤላ ከዚህ የማያንስ ጥቅም ያለው ደግሞ ኔትወርክ በሌለበት መረጃ አስገብቶ፣ መስመር ሲመጣ መላክ መቻሉ ነው።

ከጤና ጣቢያ በታች ባለው እርከን ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚይዙትን የቤተሰብ ፎልደር ወደ ታብሌት ለማሻገር ኢ-ቺስ የተባለ መተግበሪያ ተሠርቷል። መሠረቱ ኮምኬር የተባለ ሌላ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው።

ፋይዳ፣ ሞሲፕና ስደተኞች

ፋይዳ በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመ ብሔራዊ መታወቂያ ሲሆን፣ ለተመዝጋቢው 12 አሐዝ ያለው ቁጥር ይሰጣል። ምዝገባው የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን አይሪስና የፊት ምስል ይወስዳል። የተገነባው በሞሲፕ ላይ ነው። ሞሲፕ በሕንድ ባንጋሎር በሚገኝ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2018 የተጀመረ፣ ማንኛውም አገር ወስዶ የራሱን መታወቂያ እንዲሠራበት የተዘጋጀ ክፍት ምንጭ መድረክ ነው፤ ፊሊፒንስና ሞሮኮ ቀድመው ወስደውታል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2023 ለኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ ሥራ 350 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል።

አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ አሻራን ከሚሊዮን አሻራ ጋር የሚያመሳክረው ክፍል ግን በሞሲፕ ውስጥ የለም፤ አገሮች ከኩባንያ ይገዙታል። ስለዚህ “ፋይዳ ክፍት ምንጭ ነው” ሲባል ስለ አጥንቱ እንጂ ስለ ሙሉ አካሉ አይደለም። ይህን ለይቶ ማወቅ ለግዢ ሠራተኛውም ለሕግ አውጪውም ያስፈልጋል።

ለጋምቤላ ሁለት የፋይዳ ባሕርያት ይጠቅማሉ። የመመዝገቢያ ኮምፒውተሩ ያለ ኢንተርኔት ሠርቶ የተመሰጠረውን መረጃ በኋላ መላክ ይችላል። የቀበሌ መታወቂያ ወይም ሌላ ማስረጃ የሌለው ሰው ደግሞ በምስክር መመዝገብ ይችላል። ልደት በመንግሥት መዝገብ መመዝገብ በስፋት የተጀመረው ገና በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በሆነበት አገር፣ በአኮቦ ወይም በጆር ወረዳ ለተወለደ ጎልማሳ ይህ ቁም ነገር ነው። ማስረጃ አምጣ ብሎ የሚጀምር መታወቂያ ማስረጃ የሌለውን ሰው ከደጅ ይመልሰዋል።

በክልሉ የመታወቂያ ጉዳይ ከስደተኞች ተለይቶ አይታይም። ከደቡብ ሱዳን የመጡ ከ350 ሺህ በላይ ስደተኞች በፑኝዶ፣ በኩሌ፣ በቴርኪዲ፣ በጀዊ፣ በንጉኝየልና በኦኩጎ ካምፖች ይኖራሉ። ይህ ቁጥር በ1999 ከተቆጠረው የክልሉ ነዋሪ ይበልጣል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ስደተኞችን የሚመዘግብበት ፕሮግሬስ የተባለው ሥርዓት በማይክሮሶፍት ምርት ላይ የተሠራ ነው። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛው የመሥራትና የመንቀሳቀስ መብት እንዲያገኝ ካስቻለ በኋላ፣ ስደተኞችን የፋይዳ ተመዝጋቢ ማድረግ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ተጀምሯል። ያለ መታወቂያ ሲም ካርድ ማውጣትም ሆነ የባንክ ሂሳብ መክፈት አይቻልም። በድንበሩ ግራና ቀኝ ያሉ ኑዌሮች በቋንቋም በቤተሰብም አንድ ስለሆኑ ግን፣ ማን ዜጋ ማን ስደተኛ ነው የሚለውን ጥያቄ የትኛውም ሶፍትዌር አይፈታውም። ስህተት የተፈጠረበት ሰው አቤት የሚልበት፣ በቋንቋው የሚያስረዳው ባለሙያ ያለበት ቢሮ ጋምቤላ ውስጥ መኖር አለበት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለዚህ ሕጋዊ መሠረት ሰጥቷል፤ መብቱ ግን የሚለካው ካምፕ ውስጥ ያለች እናት ልትጠቀምበት በመቻሏ ነው።

ፊደልና ቋንቋ

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የመንግሥት ጸሐፊዎች እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ የንግድ ሶፍትዌሮች ይጽፉ ነበር። በእነዚህ የቆዩ ፊደሎች የተጻፈ ደብዳቤ ፊደሉ ባልተጫነበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ምልክቶች ትርምስ ሆኖ ይወጣል፤ በዚህ መልክ የተቀመጠ የመሥሪያ ቤት ሰነድ መፈለግም ሆነ ወደ ዳታቤዝ ማስገባት አይቻልም። ዛሬ አቢሲኒካና ኖቶ ኢትዮፒክን የመሰሉ ፊደሎች፣ ኪይማንን የመሰለ መክተቢያ በክፍት ፈቃድ ይገኛሉ። አማርኛ በዚህ ረገድ ችግሩን በአብዛኛው ተወጥቷል።

የክልሉ ቋንቋዎች ግን ገና ናቸው። ኑዌርኛና አኝዋኛ ዛሬ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። ኑዌርኛ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ላይ የሌሉ ሆሄያት አሉት፤ በትንፋሽ የሚነገሩ አናባቢዎቹም ከሥራቸው መስመር ይሰመርባቸዋል። አንድ የኑዌር ስም በትምህርት ቤት መዝገብ፣ በስደተኛ ካርድና በአማርኛ በተሞላ የቀበሌ ፎርም ላይ በሦስት መልክ ሲጻፍ፣ ኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ያያል። ገበያው ትንሽ ስለሆነ ትርፍ ፈላጊ ኩባንያ ለኑዌርኛ ወይም ለመዠንግርኛ መክተቢያ አይሠራም። ክፍት ምንጭ ላይ ግን የአንድ ኮሌጅ መምህርና ሁለት ተማሪዎች ሊሠሩት ይችላሉ፤ ተሠርቶም ለሁሉም ይዳረሳል። ክፍት ምንጭ ለጋምቤላ ሊሰጥ የሚችለው ትልቁ ነገር ይህ ሆኖ ሳለ እስካሁን ትንሹ ትኩረት የተሰጠው ለእርሱ ነው።

ገደቦቹ

የፈቃድ ክፍያ ባይኖርም ሰርቨር፣ ሥልጠና፣ ጥገናና ደመወዝ ገንዘብ ይጠይቃሉ። በኢትዮጵያ ይህን ወጪ በጤናው ዘርፍ በከፊል የሸፈኑት ለጋሾች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቋርጥ የዲጂታል ጤና ሥራን የሚደግፉ ፕሮጀክቶችም ተነክተዋል። ሶፍትዌሩን ማንም አልወሰደውም፤ ኮዱ ክፍት ስለሆነ ሊወስደውም አይችልም። የጎደለው የሚንከባከበው ሰው ነው።

የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ ታሪክ ይህንኑ በሌላ መንገድ ያሳያል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ኮምፒውተሮቿን ክፍት ምንጭ ወደሆነው ሊኑክስ አዛውራ፣ በ2017 ምክር ቤቷ ወደ ዊንዶውስ እንዲመለሱ ወሰነ። ክርክሩ ከቴክኒኩ ይልቅ በአስተዳደሩና በፖለቲካው ላይ ነበር። ዣንዳርሜሪ የተባለው የፈረንሳይ ፖሊስ ኃይል ግን ያንኑ ሊኑክስ ዛሬም ይሠራበታል፤ የራሱን ባለሙያዎች ይዞ ስለቆየ ነው።

በጋምቤላም ድክመቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሥርዓቶቹን የሚቀይሩት፣ የሚያዘምኑትና ስህተታቸውን የሚያርሙት አዲስ አበባ ናቸው፤ ወረዳው መረጃ አስገቢ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ኮዱን የመክፈት መብት ያለው፣ ግን የሚከፍተው ባለሙያ የሌለው ክልል ከሻጭ ደንበኛ ብዙም አይለይም። ጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ፣ የክልሉ ጤና ቢሮና የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዘርፉ ሊጀምሩት የሚገባው ሥራ ግልጽ ነው፦ ዲኤችአይኤስ 2ን ማስተዳደር የሚችሉ የክልሉን ልጆች ማሠልጠን፣ የኑዌርኛ፣ የአኝዋኛና የመዠንግርኛ መክተቢያ ማዘጋጀት፣ የፋይዳ ፎርምንም በእነዚህ ቋንቋዎች ማስተርጎም። ሦስቱንም ለመጀመር ከማንም ፈቃድ መግዛት አያስፈልግም።