የመድረክ ሰዎች ዜና

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም። የመድረክ ሰዎች ከአሠሪዎቻቸው ጋር ስለሚደራደሩበት መብት የሆነውን፣ እኛ በመራዊ የምንኖር እንጽፋለን። ለከያንያን እናደላለን፤ በየሰርጉ ደስ አሰኝተውናልና።

በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን በድንበር ሲያደባ መኮንን ሀብተ ወልድ የሀገር ፍቅር ማኅበርን አቆሙ። በ1948 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ ንግሥና 25ኛ ዓመት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ፤ የቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን»ም ታየ። የወታደሩን ሚስት የቀማ ንጉሥ ታሪክ በንጉሥ ስም በተጠራ ቤት መታየቱ ይደንቃል።

ግንቦት 27 ቀን 1955 ዓ.ም. የተባረከች ዕለት ናት። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት 87ኛና 98ኛ ስምምነቶች ተቀበለች፤ ሠራተኛ ይደራጅ ዘንድ፣ ተደራጅቶም በኅብረት ይደራደር ዘንድ። በዚያው ዓመት የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ቆመ፤ በ1956 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 210 ወጣ። በጣና ዳር ባለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለሚሠራው ፈታይና ሸማኔም መብቱ በሕግ ተጻፈለት። የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. ኮንፌዴሬሽኑ በአገር ሁሉ ሥራ አስቆመ። አራት ቀን መዘውር ዝም አለ፤ ለልመና እንኳ ጆሮ ያልነበረው መንግሥትም ተቀምጦ ተደራደረ። እግዚአብሔር የደከሙትን እጆች እንዲህ ያጸናል!

ከዚያ በኋላ በወታደራዊው መንግሥት 17 ዓመት ከያንያን የታዘዙትን ዘፈኑ።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ላሉ የመንግሥት ሠራተኞችም የመደራጀትንና በኅብረት የመደራደርን መብት ሰጠ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት ማኅበር እንዲቆም ሲፈቅድ፣ የመንግሥት ሠራተኛን ከደጅ አስቀረ። ሕግ አውጪዎቹ አስተዋዮች ናቸውና ረስተውት ነው አንልም።

በባሕር ማዶ፣ በአሜሪካ፣ እ.ኤ.አ. በ1913 የተመሠረተው የተዋንያን ማኅበር ለትርፍ ካልቆሙ የክፍለ ሀገር ቴአትሮች ኅብረት ጋር ይዋዋላል፤ የሳምንቱ ደመወዝ፣ የልምምዱ ሰዓት፣ የዕረፍቱ ደቂቃ ሳይቀር በውሉ ይሰፍራል። በባሕር ዳር ግን በክልሉ መንግሥት ሥር ያለው የሙሉዓለም የባህል ማዕከል ተዋናይ፣ መሰንቆ መቺና ተወዛዋዥ እንደ መዝገብ ቤት ሠራተኛ በሲቪል ሰርቪስ እርከን ይከፈላቸዋል። እስክስታ የሚመታው ትከሻ በ40 ዓመት ይዝላል፤ ጉልበትም ከዚያ በፊት ያልቃል። የጡረታው ዕድሜ ግን ለእነርሱም 60 ነው።