ከሰይጣን ቤት እስከ ሲኒማ አምፒር

ሲኒማና ዐድዋ እኩዮች ናቸው። ሉሚየር የተባሉት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ፓሪስ ውስጥ ከፍሎ ለገባ ሕዝብ ተንቀሳቃሽ ምስል ያሳዩት ታኅሣሥ 1888 ዓ.ም. ነው። ሁለት ወር ቆይቶ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውን ደግሞ ለእናንተ መንገር አይጠበቅብኝም። ሁለቱ ነገሮች አዲስ አበባ ላይ ለመገናኘት ብዙ አልቆዩም። ከጦርነቱ ሁለት ሦስት ዓመት በኋላ አንድ ፈረንሳዊ የፊልም መሣሪያ ይዞ መጣ፤ ከእሱ ላይ የጣሊያኑ መልእክተኛ ቺኮዲኮላ ገዝቶ ለዐፄ ምኒልክ በስጦታ አቀረበ ይባላል። አስቡት እስቲ፤ ተሸናፊው ለአሸናፊው ሲኒማ ሰጠ።

ቤተ መንግሥት የገባው ነገር ወደ ሕዝቡ ለመውረድ ጊዜ ፈጀ። በ1910ዎቹ ከቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ፣ ኋላ ሜጋ አምፊ ቴአትር በተባለው ቤት ፊልም ይታይ ጀመር። ሕዝቡ ስም ለማውጣት አልተቸገረም። ‹ሰይጣን ቤት› አለው። ዛሬ ስንሰማው ያስቀናል እንጂ አያስቅም፤ ቢያንስ ያኔ የነበረው ሰው የሚያየው ነገር ተራ ነገር እንዳልሆነ ገብቶታል። ጨለማ ክፍል፣ ግድግዳ ላይ የሚሮጥ ፈረስ፣ ፈረሱ ግን የለም። እኛ በኪሳችን ይዘነው ስለምንዞር ነው የማይገርመን።

እኔ የታሪክ ተመራማሪ አይደለሁም፤ ምህንድስና ተምሬ ኮድ በመጻፍ የምተዳደር ሰው ነኝ። በእኛ ሙያ ግን ‹ሌጋሲ ሲስተም› የምንለው ነገር አለ። ከዓመታት በፊት የተጻፈ፣ የጻፈው ሰው ሥራ የለቀቀ፣ ማንም ደፍሮ የማይነካው ሶፍትዌር ማለት ነው። ለምን አይጠፋም? ምን ምን ነገር እንደተንጠለጠለበት የሚያውቅ ስለሌለ። የፒያሳዎቹን ሲኒማ ኢትዮጵያንና ሲኒማ አምፒርን ሳስብ ይኼ ነው የሚመጣብኝ። ‹ዘመኑ አልፎበታል› ከማለታችን በፊት የተንጠለጠለበትን እንይ።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ሲኒማን ያየው እንደ መንገድና እንደ ድልድይ ነው፤ የአገዛዝ ዕቃ። ‹ፒያሳ› የሚለው ስም ራሱ የቋንቋው ትራፊ ነው፣ አደባባይ ማለት። ከተማዋን የነጭና የ‹አገሬው ሰው› ብሎ ለመክፈል ሲያቅድ መዝናኛውም አብሮ ተከፈለ። ሰኔ 1931 ዓ.ም. በወጣው የዘር ሕግ መሠረት ለአገሬው ሰው ወደተለየ የሕዝብ ቦታ የሚያዘወትር ጣሊያናዊ ይቀጣ ነበር። ሕጉን ሁለቴ አንብቡት። የሚቀጣው አበሻው ብቻ አይደለም፤ ጣሊያኑም ነው። ሕግ የሚወጣው ደግሞ ሰው የሚያደርገውን ነገር ለመከልከል ነው። ማለትም፣ ጎን ለጎን መቀመጥ ነበረ። ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ መቆጣጠር ለየትኛውም መንግሥት ከባድ ነው።

ከዚያ ዘመን ሲኒማዎች አንዱ ማርኮኒ ይባል ነበር። እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር ነው። ጥቅምት 1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሊከበር ሲል መንግሥት ትልቅ አዳራሽ ፈለገ። ፈረንሳዊው አርክቴክት ሄንሪ ሾሜ ቀየረው፣ ‹ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር› ተባለ፣ ደጁ ላይ የሞሪስ ካልካ የድንጋይ አንበሳ ቆመ። ወራሪ ያነጸው ሲኒማ የአገር መድረክ ሆነ። ይኼን ታሪክ የምወደው ለቅርስ ብዬ አይደለም። የከተማ መሐል ሲኒማ ሞቶ የሚነሳበትን መንገድ በግልጽ ስለሚያሳይ ነው፤ የሚፈልገው ሰው፣ በጀት፣ እና ቁርጥ ያለ ቀን ነበረው። የፒያሳዎቹ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ አግኝተው አያውቁም።

ከነጻነት በኋላ ያሉት ዓመታት የአዳራሾቹ ወርቃማ ዘመን ነበሩ። ፒያሳ ኢትዮጵያና አምፒር፣ ወረድ ሲሉ አምባሳደር፣ መርካቶ በኩል ሲኒማ ራስና አዲስ ከተማ። አሜሪካኖቹ በፈረስና በሽጉጥ፣ ጣሊያኖቹ እነሱን እየኮረጁ፣ ሕንዶቹ በዘፈንና በዕንባ። አባቴ እስካሁን ‹ማዘር ኢንዲያ›ን ሲተርክ እናትየው ልጇ ላይ የምትተኩስበት ቦታ ሲደርስ ድምፁ ይቀየራል። ሂንዲ አንድ ቃል አይችልም።

አሁን ትንሽ ወደ ማሽኑ ላምጣችሁ፤ ይፈቀድልኝ፣ ሙያዬ ነው። 35 ሚሊ ሜትር ፊልም በሴኮንድ 24 ፎቶ ያሳልፋል። አንድ ደቂቃ ከ27 ሜትር በላይ ይፈጃል። የ100 ደቂቃ ፊልም 144,000 ፎቶ ነው፤ ቢዘረጋ 2.7 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጥቅሉ በአንዴ ስለማይጫን በሃያ ሃያ ደቂቃ ተከፋፍሎ ይመጣል፤ ሁለት ማሽን ጎን ለጎን ቆሞ አንዱ ሊያልቅ ሲል ሌላው ይነሳል። የምስሉ የቀኝ ራስጌ ጥግ ላይ ብልጭ የምትል ክብ ምልክት ትታያለች፤ ለተመልካቹ አይደለችም፣ ላይ ክፍሉ ውስጥ ላለው ሰውዬ ናት። እሱ ካንቀላፋ ሺህ ሰው ያፏጫል። ይኼ ሰውዬ በየትኛውም የኪነ ጥበብ ታሪካችን ውስጥ ስሙ አይነሳም።

የመጀመሪያው ተቀናቃኝ ከተመልካቹ ቤት ነው የመጣው። ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ተጀመረ። የመጀመሪያው የአገራችን ረጅም ፊልም ‹ሂሩት አባቷ ማነው› የወጣውም በዚያው ዓመት ገደማ ነው፤ እኛ ፊልም መሥራት ስንጀምር ሳጥኑም ገባ። አሥር ዓመት ቆይቶ ሳጥኑ ጉልበቱን አሳየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ደርግ የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ዲምብልቢ የሠራውን የወሎ ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጋር እያፈራረቀ ለሕዝብ አሳየ። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ምስልን ከምስል አጠገብ ማስቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ለማስተማር ከዚያ ምሽት የተሻለ ትምህርት የለም።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የመሐል ከተማ ሲኒማዎችም ወደ መንግሥት እጅ ገቡ። እዚህ ላይ የእኔን ሐሳብ ልናገር። ብዙ ሰው ሲኒማዎቹን የገደላቸው ውርሱ ነው ይላል። ግማሹ እውነት ነው። ባለቤት ቢኖራቸው ወንበሩ ይቀየር፣ ጣሪያው ይጠገን ነበር። ግን ባለቤት ቢኖራቸው ኖሮ እኮ በ1990ዎቹ የመሬት ዋጋ ሲሰቀል ለሕንጻ ሠሪ ተሽጠው ነበር! ናይሮቢ ሂዱ፣ ካይሮ ሂዱ፤ የግል የነበሩ ስንት የመሐል ከተማ ሲኒማዎች ገበያና ቢሮ ሆነዋል። የእኛዎቹን ያቆያቸውና ያስራባቸው አንድ እጅ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው፤ የሶሻሊስት አገር ፊልሞች፣ ቪዲዮ ማጫወቻ፣ በየሰፈሩ በአንሶላ የተጋረደ ቪዲዮ ቤት። ትልቁ አዳራሽ ባዶውን ሲያድር ጠባቡ ቪዲዮ ቤት መቀመጫ ይጠፋበት ነበር።

ከዚያ በ1990ዎቹ አጋማሽ ማንም ያልጠበቀው ሆነ። የቪዲዮ ካሜራ ረከሰ፣ ኮምፒውተር ላይ መቁረጥና መቀጠል ተቻለ፣ አማርኛ ፊልም እንደ እንጉዳይ ፈላ። የቴዎድሮስ ተሾመ ‹ቀዝቃዛ ወላፈን› ከፊት ከሚጠሩት ነው። እነዚያ ለ35 ሚሊ ሜትር የተሠሩ ግዙፍ አዳራሾች የቢሮ ፕሮጀክተር ተሰቅሎባቸው ሞሉ። ምስሉ ደብዛዛ፣ ድምፁ ጎርናና፣ ሰልፉ ግን ጥግ ዞሮ አስፋልት ይነካ ነበር። እኔ ተማሪ ሳለሁ የደረስኩት ለዚህ ሰልፍ ጭራ ነው። ስሙን በማልጠራው አንድ ሲኒማ ቤት ፍቅረኞቹ ሊታረቁ ሲሉ ፊልሙ ቆመና የኮምፒውተሩ ገጽ፣ ፋይሎቹ ሁሉ ተደርድረው፣ ስክሪኑን ሞላው። ከፋይሎቹ አንዱ ‹የመጨረሻ የመጨረሻ 2› ይላል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከፊልሙ ይልቅ ያ ሳቅ ነው ትዝ የሚለኝ፤ ብቻዬን ስልኬ ላይ ባየው ዝም ብዬ ገጹን እዘጋው ነበር።

ያው ዕድገት ግን ተፎካካሪም ወለደ። ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ከፈተ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ቦሌ መንገድ ላይ ዓለም ሲኒማን፣ መድኃኔዓለም ጋ ኤድና ሞል መጣ። እዚህ ቀላል ሒሳብ አለ። አንድ ሺህ ወንበር ያለው አንድ አዳራሽ በቀን ሦስት ጊዜ ቢያሳይ በሳምንት 21,000 ወንበር መሸጥ አለበት፤ ያውም በአንድ ፊልም። ፊልሙ ካልተወደደ ሳምንቱ አለቀ። ሦስት ትናንሽ አዳራሽ ያለው ግን ሦስት ፊልም ያሳያል፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይደግፈዋል። የአሮጌ ሲኒማ ችግር እርጅናው አይደለም፣ ስፋቱ ነው። እንቁላሉ በሙሉ አንድ ቅርጫት ውስጥ ነው።

ዓለም ደግሞ ሌላ በር ዘጋ። በ1997 ዓ.ም. የሆሊውድ ኩባንያዎች የዲጂታል ሲኒማ መመዘኛ አወጡ፤ ከዚያ በኋላ ፊልም የሚመጣው በተቆለፈ ፋይል ነው። ቁልፉ ለአንድ ማሽን ብቻ ይሠራል፣ ከዚህ ቀን እስከዚያ ቀን ብቻ ይከፍታል። እንደ ኮድ ጸሐፊ አደንቀዋለሁ፤ ንጹሕ ሥራ ነው። ውድ ማሽን ለሌለው ሲኒማ ግን ደጁ ተቆለፈ ማለት ነው። ስለዚህ አሮጌዎቹ ሙሉ በሙሉ በአማርኛ ፊልም ላይ ተንጠለጠሉ። 2008 ዓ.ም. ላይ ቃና የውጭ ድራማ በአማርኛ እያናገረ ሳሎን ገባ፣ መጋቢት 2012 ኮቪድ አዳራሽ አዘጋ፣ ፊልም ሠሪውም ዩቲዩብ ላይ መጫን ተማረ። ተመልካቹ አልጠፋም፤ ወጥቶ ቤቱ ገባ።

ሰፈሩም እንደዚያው አልቆየም። የካቲት 2016 የዐድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተመረቀ፤ ሳምንታት ሳይቆይ የኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያንና አካባቢውን አፈረሰ። ሲኒማ እኮ የሚኖረው በትኬት ብቻ አይደለም። ከፊልም በፊት ኬክ የሚበላበት፣ ከፊልም በኋላ ማኪያቶ ተይዞ የሚከራከሩበት፣ ትኬት ሲያልቅ ደግሞ ዝም ተብሎ የሚዞርበት ሰፈር ያስፈልገዋል። ከጎኑ የሚኖረው ሰው ወደ ከተማው ዳር ሲሄድ የማታው ተመልካች አብሮ ሄዷል፤ ለ12 ሰዓቱ ፊልም ከዚያ ድረስ በታክሲ የሚመጣ ማን ነው?

‹ቅርስ ብለን እንመዝግበው› የሚለው መልስ አያረካኝም። ሕጉ አለ፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992። የአምፒር ሞክሼ የሆነውን የአስመራውን ሲኒማ ኢምፔሮን ተመልከቱ፤ ማሪዮ ሜሲና የነደፈው፣ በ1937 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ ከተማው ሁሉ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ። የፊት ገጹ የዓለም ቱሪስት ፎቶ ያነሳዋል። መዝገብ ግን ግድግዳ ያቆማል እንጂ ወንበር አይሞላም። አንድን ሲኒማ የሰው ቁጥር ካልጠበቀው ቀለም አይጠብቀውም።

እኔን ብትጠይቁኝ ስፋቱን እንደ ዕዳ ማየት እናቁም። አዳራሹ አንድ ሆኖ ይቆይ፤ ትንንሽ የሚያስፈልገው ካለ ፎቁና መጋዘኑ ውስጥ ይሠራ። ቅዳሜ ጠዋት የልጆች ፊልም፣ ማታ እግር ኳስም ቢሆን ግድ የለኝም፤ ሰው ይግባ።

አንዱን የኋላ ክፍል ግን ለሌላ ሥራ እፈልገዋለሁ። የ1990ዎቹ አማርኛ ፊልሞች የተቀረጹት ጣት በምታህል ካሴት ላይ ነው፤ የተቀመጡት ደግሞ ያኔ በተገዛ ሃርድ ዲስክ ላይ። 35 ሚሊ ሜትር በቀዝቃዛ ክፍል መቶ ዓመት ይቆያል፤ ሃርድ ዲስክ አሥር ዓመት ከሠራ ይመሰገናል። እነዚያን ሰልፎች ያሰለፉ ፊልሞች ዛሬ አብዛኞቹ ዩቲዩብ ላይ ባለ፣ ከዲስክ በተገለበጠ፣ የማስታወቂያ ጽሑፍ በሚሮጥበት ቅጂ ነው የሚታዩት። ዋናው ካሴት ሠሪው ቤት ቁም ሣጥን ላይ አለ። የሚያስፈልገው ነገር ብዙ አይደለም፤ የሚሠሩ ሁለት ማጫወቻዎች፣ አሮጌ የኬብል መግቢያ ያለው አንድ ኮምፒውተር፣ ብዙ ማከማቻ፣ ትዕግሥት ያለው አንድ ልጅ። አንድ ካሴት ለመገልበጥ ካሴቱ የሚረዝመውን ያህል ጊዜ ይፈጃል፤ የአንድ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ነው፣ ማፋጠኛ የለውም። ስለዚህ ዛሬ ቢጀመር እንኳ ብዙ ወር ይወስዳል፤ ካሴቶቹም በየክረምቱ ሻጋታ ይይዛቸዋል።