የተጠራጣሪው ሐዋርያ ልጆች

በንጉሡ ዘመን ተማሪ ቤት የዋለ ሰው ቢያንስ አንድ ሕንዳዊ መምህር ሳያስታውስ አይቀርም። ሒሳብ ወይም ፊዚክስ ያስተምራሉ፤ እንግሊዝኛውን በጥድፊያ ያወርዱታል፤ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ሲወዘውዙ እሺ ይበሉ እምቢ ለመለየት አንድ መንፈቅ ይፈጃል። የሚያስገርመን ግን ስማቸው ነበር፤ ሚስተር ቶማስ፣ ሚስተር ጆርጅ፣ ሚስተር ማታይ። ከመካከላችን አንዱ ደፋር፣ «ያጠመቋችሁ እንግሊዞች ናቸው?» ብሎ መምህራችንን ጠየቃቸው። ጠመኔውን አስቀመጡና፣ «እኛን ያጠመቀን ሐዋርያው ቶማስ ነው፤ ያን ጊዜ እንግሊዝ ክርስትናን መች ሰምቶ!» አሉን።

እንደ እሳቸው ያሉት ብዙዎቹ መምህራን የመጡት ከደቡብ ምዕራብ ሕንድ፣ ከኬራላ ነው። በዚያ አገር ትውፊት ቶማስ በ52 ዓ.ም. ኮዱንጋሉር ከተባለው ወደብ ወርዶ ሰባት አብያተ ክርስቲያናት ተክሏል፤ በ72 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ ቼናይ በምትባለው ከተማ፣ በማይላፑር በሰማዕትነት ዐርፏል።

እኛም ብንሆን ለነገሩ እንግዳ አይደለንም። ቶማስ ከሕንድ በደመና ተጭኖ ሲመጣ እመቤታችን ስታርግ አግኝቷት ሰበኗን እንደ ተቀበለ በፍልሰታ ስንሰማ አድገናል። ገድለ ሐዋርያትም ለነጋዴ እንደ ባሪያ ተሸጦ መሄዱን ይተርካል። የዚህ ታሪክ ጥንታዊ ምንጭ በ3ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በኤዴሳ፣ የዛሬዋ የቱርክ ኡርፋ፣ በሱርስት የተጻፈው የቶማስ ሥራ ነው። እዚያ ላይ ሐዋርያው ጎንዶፋሬስ የሚባል የሕንድ ንጉሥ ቤተ መንግሥት እንዲሠራለት የሰጠውን ገንዘብ ለድሆች ያድላል፤ ሕንጻው የታለ ሲባል በሰማይ ነው ይላል። ንጉሡ ሊገድለው ሲል የሞተው ወንድሙ ተነሥቶ ሕንጻውን በሰማይ እንዳየው ይመሰክርለታል።

ሊቃውንት ይህን ተረት ነው ብለው ያልፉት ነበር። ጎንዶፋሬስ የሚባል ንጉሥ በየትኛውም የታሪክ መዝገብ አልተገኘማ! በ1830ዎቹ ግን በዛሬዋ አፍጋኒስታን፣ በባግራም አካባቢ ስሙ የተቀረጸባቸው ሳንቲሞች ተገኙ። ኋላም ስሙን የያዘ የድንጋይ ጽሑፍ ታወቀ። ንጉሡ በ1ኛው መቶ ዓመት በሕንድና በፓርቲያ ድንበር ነግሦ ኖሯል። ይህ ቶማስ እዚያ መድረሱን አያረጋግጥም፤ በዚያ ላይ የጎንዶፋሬስ አገር ከኬራላ እጅግ የራቀ ሰሜን ነው። ሆኖም የኤዴሳው ጸሐፊ ሁሉን ከራሱ እንዳልፈጠረ ያሳያል። እጄን በቁስሉ ካላስገባሁ ያለው ሐዋርያ፣ ዛሬ ሊቃውንቱ በተራቸው ካልዳሰስንህ ይሉታል። ዐፅሙም ቢሆን አንድ ቦታ አልረጋም፤ በ4ኛው መቶ ዓመት በኤዴሳ ይከበር ነበር፤ ከ1258 ወዲህ ደግሞ የጣሊያኗ ኦርቶና እኔ ዘንድ ነው ትላለች።

ለኬራላ ሰዎች ግን ጥያቄው የምሁራን ጨዋታ ብቻ አልነበረም። በ1498 ቫስኮ ዳ ጋማ ካሊከት ሲደርስ፣ ፖርቱጋሎች በሱርስት የሚቀድሱና ጳጳሳቸውን ከሜሶጶጣሚያ የሚያስመጡ ክርስቲያኖች አገኙ። ውሎ አድሮ ግን ወዳጅነቱ ወደ ማዘዝ ተለወጠ። በ1599 የጎዋው ሊቀ ጳጳስ ሜኔዜስ በዲያምፐር ጉባኤ ጠርቶ ሥርዓታቸውን ወደ ሮም ለወጠ፤ በሱርስት የተጻፉ መጻሕፍታቸውም እንዲታረሙ፣ ጥፋት አለባቸው የተባሉትም እንዲቃጠሉ ተፈረደ። ከተወገዙት አሳቦች አንዱ የጴጥሮስ ሕግ ሌላ፣ የቶማስ ሕግ ሌላ ነው የሚለው ነበር። የቶማስ ስም መከታቸው እንደ ሆነ ጉባኤው በሚገባ ገብቶታል።

የእኛ አንባቢ ይህን ሲሰማ አፄ ሱስንዮስን ቢያስታውስ አይፈረድበትም። ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ በ1625 አገራችን ገብቶ ካህናቱን እንደ ገና ልካን፣ ሕዝቡን እንደ ገና ላጥምቅ ያለው በዚያው መንፈስ ነው። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 ሱስንዮስ ሃይማኖቱን ለሕዝቡ መልሶ ዙፋኑን ለፋሲል ለቀቀ፤ ሜንዴዝም ተባርሮ ኋላ ጎዋ ገባ። እዚያው ሳለ፣ በጥር 1653፣ የቶማስ ክርስቲያኖች በማታንቼሪ ተሰበሰቡ። መስቀሉን መንካት የሚችለው ጥቂት ሰው ስለ ሆነ ገመድ አሰሩበትና፣ ገመዱን ይዘው ለኢየሱሳውያን ላይገዙ ማሉ። ከክብደቱ የተነሣ መስቀሉ ጎበጠ ይላሉ፤ እስከ ዛሬ የጎበጠው መስቀል መሐላ ይባላል። ሜንዴዝ ይህን ዓይነቱን ወሬ በሕይወቱ ሁለት ጊዜ መስማቱ ነው፤ የሞተው ከሦስት ዓመት በኋላ ነውና።

መሐላው አንድ አድርጎ አላቆያቸውም። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ ብዙዎቹ ወደ ሮም ተመለሱ፤ የቀሩት ከ1665 ጀምሮ ከአንጾኪያ ጋር ተጠጉ፤ ከዚያም በየጊዜው ተከፋፈሉ። ሁሉም ግን የቶማስ ልጆች ነን ማለቱን አልተዉም።

ከእነርሱ አንዱ ፖል ቨርጊስ በ1940ዎቹ መጨረሻ መምህር ሆነው መጥተው አማርኛ ለምደዋል፤ ኋላም የአፄ ኃይለ ሥላሴ አማካሪ፣ በመጨረሻም በአገራቸው ጳውሎስ ማር ጎርጎርዮስ የተባሉ ሊቀ ጳጳስ ሆነዋል። በጥር 1957 በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ የምሥራቅ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናትን መሪዎች በአዲስ አበባ ሲሰበስቡ፣ ከእስክንድርያው፣ ከአንጾኪያውና ከአርመኑ አባቶች ጋር የሕንዱ ካቶሊኮስ ባስልዮስ አውገንም ተገኝተዋል፤ የሚቀመጡበትንም መንበር ቤተ ክርስቲያናቸው የሐዋርያው ቶማስ መንበር ትለዋለች።