የስደተኞች ጥናት፦ ከእርዳታ ጉዳይነት ወደ ዕውቀት ዘርፍነት

ስለ ስደተኞች ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ቁጥራቸውና የሚያስፈልጋቸው እርዳታ ነው። እርዳታው ራሱ በስደተኛው ሕይወት ላይ ምን እንደሚያስከትል የሚመረምር የትምህርት ዘርፍ መኖሩን ግን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። በዚህ ጽሑፍ የዘርፉን አመጣጥ ባጭሩ አስቃኛለሁ። (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«ስደተኛ» የሚለው ቃል ዛሬ የሚሠራበትን ሕጋዊ ትርጉም ያገኘው በ1951 የጄኔቫ ስምምነት ነው። ስምምነቱ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በዜግነት፣ በማኅበራዊ ቡድን አባልነት ወይም በፖለቲካ አመለካከት የሚደርስበትን ጥቃት ፈርቶ ከአገሩ የወጣን ሰው ይመለከታል። በ1969 አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት ደግሞ የውጭ ወረራንና የሕዝብን ሰላም ክፉኛ የሚያናጉ ሁኔታዎችን ጨመረበት።

ጥናቱ የራሱን ቦታ ያገኘው ግን ዘግይቶ ነው። ትውልደ አሜሪካዊቷ የአንትሮፖሎጂ ምሁር ባርባራ ሃረል ቦንድ በ1982 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የስደተኞች ጥናት ፕሮግራምን አቋቋሙ። በ1986 ያሳተሙት «ኢምፖዚንግ ኤይድ» (እርዳታን መጫን) የተሰኘ መጽሐፍ ወደ ደቡብ ሱዳን የተሰደዱ ኡጋንዳውያንን ያጠና ነው። የእርዳታ ድርጅቶች ተጠያቂነታቸው ለለጋሾች እንጂ ለስደተኞች እንዳልሆነ፣ ስደተኛውንም ራሱን መርዳት እንደማይችል ሰው እንደሚያዩት ተችተዋል። በ1988 ደግሞ «ጆርናል ኦፍ ሪፊዩጂ ስተዲስ» የተባለው የምርምር መጽሔት መታተም ጀመረ።

አካባቢያችንም በዚህ ክርክር ውስጥ ድርሻ አለው። ኤርትራዊው ምሁር ጋይም ክብረአብ በ1993 በዚሁ መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ በሶማሊያ ካምፖች የነበሩ ስደተኞች የእርዳታ ጥገኞች ሆነዋል የሚለውን አባባል ተረት ነው ሲሉ ሞግተዋል።

ትችቱ ወደ ዘርፉ ራሱም ዞሯል። ሕንዳዊው የሕግ ምሁር ቢ.ኤስ. ቺምኒ በ1998 ምርምሩ የሰሜኑን ዓለም መንግሥታት ጥቅም ተከታይ እንዳይሆን አሳስበዋል። ጄምስ ሃታዌይ በ2007 «የግዳጅ ስደት ጥናት» የሚለው ሰፊ መጠሪያ ስደተኛ በሕግ ያለውን ልዩ መብት እንዳያደበዝዝ አስጠንቅቀዋል። ኦሊቨር ቤክዌል በበኩላቸው በ2008 ተመራማሪው ፖሊሲ አውጪዎች ባሰመሩት የመደብ አጥር እንዳይታጠር ተከራክረዋል።

ክርክሩ የስያሜ ብቻ አይደለም። ተመራማሪ የሚጠይቀው መንግሥትና ለጋሽ የሚጠይቁትን ብቻ ከሆነ፣ በመዝገብ ያልሰፈረው ስደተኛ ከጥናቱም ይቀራል። ኢትዮጵያ ስደተኛ ተቀባይም፣ ዜጎቿ የሚሰደዱባትም አገር ናት። ስለዚህ በእኔ እምነት ዩኒቨርሲቲዎቻችን መጀመሪያ ሊመልሱት የሚገባው «የምናጠናው ለማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ነው።