ኳስና ደብተር፤ ለቆየ ክርክር ከታሪክ የተገኘ ምስክር

የትምህርት ዘመን ከተጀመረ ጥቂት ሳምንት እንዳለፈ የስፖርት አስተማሪያችን የቡድን ምርጫ ማስታወቂያ ይለጥፋሉ። በዚያን ዕለት ማታ በብዙ ቤት አንድ ዓይነት ክርክር ይነሣል። ልጅ «ልግባ» ይላል፤ አባት «ደብተርህስ?» ይላል፤ እናት ደግሞ ልጇ ከመሸ በኋላ ብቻውን እንዳይመለስ ታስባለች። በሁለቱም ወገን የሚነገረው ቃል ከዓመት ወደ ዓመት የማይለወጥ ስለ ሆነ፥ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ፥ ጥያቄው ከእኛ በፊት ለነበሩ ሰዎች እንዴት እንደ ቀረበና ምን ዋጋ እንዳስከፈላቸው መመልከት የሚገባ መስሎ ታየኝ። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በዚህ ክርክር ላይ ብዙ ጊዜ ለምስክርነት የሚጠሩት የጥንት ግሪኮች ናቸው። አፍላጦን ያስተማረበት አካዳሚያ፥ አርስጣጣሊስም ያስተማረበት ሊቂዮን፥ ሁለቱም ወጣቶች ሰውነታቸውን የሚያሠለጥኑባቸው ሥፍራዎች ነበሩ። ይህ እውነት ነው። ዳሩ ግን ከነዚያ ወጣቶች ብዙዎቹ የቤታቸውን ሥራ ባሪያ የሚሠራላቸው የባለጸጋ ልጆች ስለ ነበሩ ጊዜ አልቸገራቸውም። ውኃ ቀድቶ፥ ታናናሾቹን ጠብቆ ለሚያጠና ተማሪ የእነርሱ ምሳሌ እምብዛም አይጠቅመውም። ስለዚህ ጊዜ ወደ ጠበበው ሰው እንሂድ።

ሮጀር ባኒስተር በ1929 በእንግሊዝ አገር ተወለደ። በ1946 ወደ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ዕድሜው 17 ዓመት ነበር፤ ሹል ብረት ያለውን የሯጭ ጫማ እንኳ አድርጎ አያውቅም ነበር። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ስሙ ስለ ተጠራ በ1948 በለንደን ለተደረገው የኦሎምፒክ ጨዋታ ታስቦ ነበር፤ እርሱ ግን ገና አልበሰልሁም ሲል ተወው። ከዚያ በኋላ በለንደን በቅድስት ማርያም ሆስፒታል የሕክምና ትምህርቱን ሲቀጥል፥ ሌሎች ሯጮች ቀኑን ሙሉ ሲለማመዱ እርሱ በምሳ ሰዓት ወደ ሠፈሩ ሜዳ ወጥቶ ጥቂት ሮጦ፥ ላቡን ጠርጎ ወደ በሽተኞቹ ይመለስ ነበር።

በ1952 በሄልሲንኪ የደረሰበትን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በ1500 ሜትር ውድድር ሳይታሰብ አንድ ተጨማሪ ማጣሪያ ገባና ሯጮቹ በተከታታይ ሦስት ቀን እንዲሮጡ ሆነ። የባኒስተር አነስተኛ ልምምድ ግን ሦስት ቀን አይችልም ነበር። በመጨረሻው ሩጫ 4ኛ ሆነ፤ ሜዳልያም አላገኘ። የአገሩ ጋዜጦች ልምምዱን አሳንሶ አሳፈረን ብለው ወቀሱት። በዚያው ጨዋታ የቼኮዝሎቫኪያው መኮንን ኤሚል ዛቶፔክ፥ ልምምድ የማይጠግበው ሰው፥ 5000 ሜትርን፥ 10000 ሜትርንና ማራቶንን ሦስቱንም አሸነፈ። «ትምህርትና ስፖርት አብረው ይሄዳሉ» የሚሉን ሰዎች ይህን ክፍል ዘለው ነው የሚነግሩን። አብረው መሄዳቸውስ ይሄዳሉ፤ ነገር ግን ባኒስተር የሕክምና ተማሪ በመሆኑ የከፈለው ዋጋ ነበር፤ ዋጋውም ትንሽ አልነበረም።

ሜይ 6 ቀን 1954 ጧት እንደ ልማዱ ሆስፒታል ገባ። የጫማውን ሹሎች በቤተ ሙከራው መሳያ ስሎ በባቡር ወደ ኦክስፎርድ ሄደ። ነፋሱ ብርቱ ስለ ነበረ ሩጫውን ለመተው አመንትቶ ነበር። ወደ ማታ ነፋሱ ሲበርድ፥ ወዳጆቹ ብራሸርና ቻታዌይ በየተራ ከፊት ከፊት እየመሩት አንዱን ማይል በ3 ደቂቃ ከ59.4 ሴኮንድ ጨረሰ። ከዚያ በፊት የነበረው ክብረ ወሰን በ1945 የተመዘገበው 4 ደቂቃ ከ1.4 ሴኮንድ ሲሆን፥ ለ9 ዓመት ያህል የደፈረው አልነበረም። የባኒስተር ግን የቆየው 46 ቀን ብቻ ነው፤ የአውስትራሊያው ጆን ላንዲ አሻሻለው። ባኒስተር በዚያው በጋ ላንዲን በቫንኩቨር አሸንፎ፥ በበርንም የአውሮፓን ሻምፒዮናነት አግኝቶ፥ ዓመቱ ሳያልቅ በ25 ዓመቱ ሩጫን ተወ። ከዚያ ወዲያ እስከ ሽምግልናው የነርቭ ሐኪም ነበር፤ ከሩጫውም ይልቅ የሚኮራው በሕክምና ሥራው ነበር።

በአገራችን ደግሞ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ አሉ። የዝነኛው የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ሲሆኑ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተምረዋል፤ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድንም ገና በወጣትነታቸው መጫወት ጀምረው ብዙ ዓመት ተጫውተዋል። በ1962 ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አሠልጣኙ እርሳቸው ነበሩ፤ ከ1972 እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1987 ድረስም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ሠርተዋል። በዓለም ስብሰባ ላይ ቆመው ስለ ደቡብ አፍሪካ የዘር አድልዎ በውጭ ቋንቋ ሲከራከሩ ያገለገላቸው እግራቸው ሳይሆን ትምህርታቸው ነው። ነገር ግን ኳስ ባይጫወቱ ኖሮ ከዚያ ስብሰባ ማን ያደርሳቸው ነበር?

በአሜሪካ በቴክሳስ ጉዳዩ ለልጅም ለአባትም ሳይተው በሕግ ተወሰነ። በ1984 በወጣው ሕግ መሠረት፥ በአንድ የትምህርት ዓይነት እንኳ ከ100 ከ70 በታች ያገኘ ተማሪ ለ6 ሳምንት ከውድድር ይታገድ ነበር። ብዙ ወላጆች ደስ አላቸው። ሌሎች ግን፥ አንዳንዱን ልጅ ከትምህርት ቤት ያቆየው ቡድኑ ብቻ ነውና እርሱን ከከለከላችሁት ጭራሹን ይቀራል ብለው ተከራከሩ። በ1995 እገዳው ወደ 3 ሳምንት ተቀነሰ። እኔ በበኩሌ ከሕጉ ይልቅ የባኒስተርን የምሳ ሰዓት እመርጣለሁ፤ ገደቡን ያበጀው ራሱ ነበርና።

እንግዲህ ስሙን ለማስመዝገብ ብዕር ያነሣ ተማሪ ልምምዱ በሳምንት ስንት ቀን እንደሆነ፥ ከሜዳው እስከ ቤቱ ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ፥ ጥናቱንም በየትኛው ሰዓት እንደሚተካው በወረቀት ጽፎ ለአባቱ ያሳይ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከሆነ ደግሞ፥ ፈተና በቀረበ ጊዜ ከልምምድ ይለቁኝ እንደሆነ አሠልጣኙን አስቀድሞ መጠየቁ ነውር የለበትም።