«ሎ ሚሽታሌም»፦ ስለ ድምፅ፣ ስለ ስሌት እና ስለ አባቴ በሬዎች

ኖቬምበር 1 ቀን 2022 የክኔሴት ምርጫ ነበር። አባቴ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት የሰንበት ልብሳቸውን ለብሰው፣ መታወቂያቸውን በደረት ኪሳቸው ይዘው፣ ኔታንያ ሄፍጺባ ሰፈር ካለው ቤታችን ድምፅ ሊሰጡ ወጡ። እዚህ የተወለደው ታናሽ ወንድሜ ሶፋው ላይ እንደተጋደመ «አባ፣ ሎ ሚሽታሌም» አላቸው። «አንድ ድምፅ ምን ይለውጣል? ሄጄ፣ ተሰልፌ ብመለስ፣ ያው የሚያሸንፈው ያሸንፋል።»

እኔ ያኔ በፖለቲካ ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነበርና ሳቅኩ። ወንድሜ አንድ ገጽ ሳያነብ፣ አንቶኒ ዳውንስ በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ ያነሳውን ነገር ነው የተናገረው። ዳውንስ መራጩን እንደ ገበያተኛ ቆጠረው። የምደግፈው ፓርቲ ቢያሸንፍ ጥቅሜ ስንት ነው? የእኔ አንድ ድምፅ ውጤቱን የመወሰን ዕድሉስ? ሁለቱን አባዝታችሁ ጊዜና ድካምን ስትቀንሱ፣ ሚሊዮኖች በሚመርጡበት አገር ትርፉ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ስለዚህ የሚያሰላ ሰው ቤቱ ይቀመጣል። ችግሩ፣ ሰው አይቀመጥም።

ይህ አካሄድ የምክንያታዊ ምርጫ ንድፈ ሐሳብ ይባላል። (አማርኛችን ለሁለቱም አንድ ቃል ነው ያለው፤ ከሁለት ነገር አንዱን ማንሳትም ምርጫ፣ ካልፒ ፊት መቆምም ምርጫ። ዕብራይስጡም ብሒራ እና ብሒሮት ብሎ ብዙ አልራቀም።) ምንጩ ኢኮኖሚክስ ነው። በ1951 ኬኔት አሮው፣ ሦስትና ከዚያ በላይ አማራጭ ሲኖር የብዙ ሰዎችን ፍላጎት ደምሮ ሁልጊዜ ወጥ የሆነ የጋራ ውሳኔ የሚሰጥና ጥቂት የፍትሕ ቅድመ ሁኔታዎችንም የሚያሟላ ደንብ እንደማይገኝ በሒሳብ አሳየ። ሐሳቡን ወደ ፖለቲካ ሳይንስ አምጥቶ ተማሪ ያፈራለት ግን በዋናነት ዊልያም ራይከር ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የፖለቲካ ሳይንስ ክፍሉን በዚህ መንገድ አቋቋመው።

ራይከር በ1962 ስለ ጥምረቶች የጻፈው ለእኛ አገር የተጻፈ ይመስላል። ፖለቲከኛ ለማሸነፍ የሚበቃውን ያህል ብቻ አጋር ይፈልጋል፤ ትርፍ አጋር ማለት ትርፍ ተካፋይ ማለት ነውና። ክኔሴት 120 ወንበር አለው፤ የሚያስፈልገው 61 ነው፤ በምርጫ ብቻውን 61 ያገኘ ፓርቲ ደግሞ ኖሮ አያውቅም። ታዲያ ሁልጊዜ አይሠራም። በ1984 ማዓራኽ እና ሊኩድ አንድ ላይ የመሠረቱት መንግሥት ከ61 እጅግ የሚበልጥ ወንበር ነበረው። ወገኖቻችን በሙሴ ዘመቻ ከሱዳን ሲመጡ ሥልጣን ላይ የነበረው ይኸው መንግሥት ነው።

በ2014 ክኔሴት ለመግባት የሚያስፈልገው የድምፅ መጠን ወደ 3.25 በመቶ ከፍ ብሏል። እኛ ከ160 ሺህ በላይ ብንሆንም ከአገሩ ሕዝብ 2 በመቶ እንኳ አንሞላም። ሁላችንም አንድ ድምፅ ብንሆን እንኳ የራሳችን ዝርዝር ብቻውን አያልፍም። መንገዱ በሌሎች ፓርቲዎች ውስጥ ነው፤ አዲሱ መሰለ በ1996 በአቮዳ፣ ፕኒና ታመኖ ሻታ በ2013 በየሽ ዓቲድ የገቡት እንዲህ ነው። እስከዚህ ድረስ ወንድሜ ይስማማል።

ነገሩ የሚከብደው ማንሰር ኦልሰን ጋ ስንደርስ ነው። በ1965 የጻፈውን ለመረዳት የሕንጻችሁን ቫአድ ባይት አስቡ። የደረጃው መብራት ለከፈለም ላልከፈለም እኩል ያበራል፤ ታዲያ ለምን እከፍላለሁ? ኦልሰን እንደሚለው ትልቅ ቡድን፣ የጋራ ጥቅም ስላለው ብቻ ለጋራ ጥቅሙ አይነሳም። ግን በ1985 መጸው፣ አገሩን ገና ያልለመዱት ወላጆቻችን ኢየሩሳሌም መጥተው ዋናው ረቢነት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀመጡ፤ አይሁድነታችን ተጠርጥሮ ጥቢላ አንገባም ብለው። ቢሳካ ቤቱ የቀረውም እኩል ይጠቀም ነበር። ለምን ሄዱ?

ከፊል መልሱ ራሱ ኦልሰን ዘንድ አለ፦ ትልቁ ቡድን ከትናንሽ ቡድኖች ሲሠራ ይቻላል። ቄሱ በተገኙበት፣ አጎትና አክስት በተሰለፉበት የቀረ ሰው ይታወቃል። ራይከርና ፒተር ኦርደሹክ ደግሞ በ1968 በዳውንስ ስሌት ላይ ግዴታን መወጣት የሚሰጠውን እርካታ ጨመሩበት። ይሄኛው ለእኔ ትንሽ ማጭበርበር ይመስለኛል። የጎደለውን ሁሉ «ደስታ» ብለን ከደመርን ስሌቱ መቼ ይሳሳታል? ዶናልድ ግሪንና ኢያን ሻፒሮም በ1994 መጽሐፋቸው ሰፋ አድርገው ተችተውታል።

ልጅ ሆኜ ስለ ወላጆቻችን የምሰማው፣ ሕልም ይዟቸው የመጡ የዋሆች እንደነበሩ ነው። አባቴም ራሳቸው «እኛ ምን አሰላን? ኢየሩሳሌም ብለን ወጣን» ይላሉ። እውነት ነው፣ በገንዘብ ካሰባችሁት አያዋጣም። ጎንደር ውስጥ ወገኖቻችን ለዘመናት ርስት አልነበራቸውም፤ በ1975 የመሬት አዋጅ መሬት አገኙ፤ አሥር ዓመት ሳይሞላ ብዙዎቹ ጥለውት ሄዱ። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ወደ 4,000 የሚገመቱ አለቁ።

ግን አባቴ ቡና ሲጠጡ ሌላውንም ያወራሉ። ሁለት በሬ ነበራቸው። አንዱን ማንም የማያውቃቸው ሩቅ ገበያ ወስደው ሸጡ፤ ሌላውን ደጅ ላይ እንደታሰረ ተዉት፣ ጎረቤት እንዳይጠረጥር። ለመንገድ መሪው ግማሹን ብር ሲነሱ፣ ግማሹን ድንበር ሲደርሱ ከፈሉ። ይህ ስሌት ካልሆነ ምን ይባላል?

ጄምስ ስኮት በ1976፣ ረሃብ አጠገቡ የሚኖር ገበሬ ከማትረፍ ይልቅ አለመውደቅን ያስቀድማል ብሎ ጻፈ። ሳሙኤል ፖፕኪን በ1979 የለም፣ ገበሬም ያሰላል፣ ይወራረዳል፣ ጎረቤቱንም አያምንም ብሎ መለሰለት። ሁለቱም ስለ ቬትናም ገበሬዎች ይከራከሩ ነበር። አባቴን ለሁለቱም ማስገባት ይቸግራል፤ መሪውን ሲከፍሉ ፖፕኪን ልክ ነው፣ ኢየሩሳሌም ሲሉ ግን ሁለቱም ዝም ይላሉ። ጠንቃቃ የሆነው የንድፈ ሐሳቡ መልክ ዓላማን አይመርጥላችሁም፤ ዓላማው ይሰጠዋል፣ እሱ የሚለካው መንገዱን ብቻ ነው። ይህን ወሰኑን ሳየው ነው የወደድኩት።

ያን ዕለት አባቴ ድምፅ ሰጥተው ሲመለሱ ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቃቸው፦ «በሬውን በስንት ሸጡት?» ዋጋውን ሳያመነቱ ነገሩት፣ ገዢው መጀመሪያ ስንት እንዳላቸውም ጭምር። እስከ ማታ ድረስ ስለ በሬው ሲከራከሩ ዋሉ። ካልፒው ከሌሊቱ አራት ሰዓት ተዘጋ፤ ወንድሜ አልመረጠም።