ከሰደድ እሳት በኋላ የትኛው አመድ ወደ ማሳ፣ የትኛውስ ወደ ከረጢት?

ከመናገሻ ሱባ ደን እስከ ሱሉልታ ባሕር ዛፎች ድረስ በጋ የሰደድ እሳት ስጋት የሚያይልበት ወቅት ነው። እሳቱ ቤት ከነካ ግን የሚቀረው አመድ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የንጹሕ እንጨትና የሣር አመድ ካልሲየምና ፖታሲየም ስላለው በልክ ሲበተን የአፈርን አሲዳማነት ይቀንሳል። ቀለም፣ ፕላስቲክ፣ ባትሪና ሽቦ የተቃጠለበት የቤት አመድ ግን እርሳስን የመሰሉ መርዛማ ብረቶች ሊይዝ ስለሚችል ለማሳም ሆነ ለጓሮ አትክልት አይውልም። ስለዚህ ሁለቱ ሳይቀላቀሉ መነሣት አለባቸው።

የባሕር ዛፍ ጉቶና ሥር ከመሬት በታች ለቀናት ሊጨስ ይችላል። ፍሙ መጥፋቱና የመብራት መስመሩ መቋረጡ ሳይረጋገጥ ወደ ፍርስራሹ መግባት አይገባም። አመድ በደረቁ ቢጠረግ ይቦናል፤ በዝቶ ቢረጥብ ደግሞ ቆዳን ያቃጥላል። አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ ጓንትና ቦት ጫማ አድርጎ፣ ጥቂት ውኃ እየረጩ በአካፋ ማንሣትና በከረጢት ማሰር ይበጃል። ሕፃናትና ከብቶች ከሥፍራው ይራቁ።

ፍርስራሽን ወደ ቦይ ወይም ወንዝ መጣል ጉዳቱን ወደ ጎረቤት ማሻገር ነው። በቡራዩ አጠገብ ያለው የገፈርሳ ግድብ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ይሰጣል። በ2011 ዓ.ም. በካሊፎርኒያዋ ፓራዳይስ ከተማ ከደረሰው ቃጠሎ በኋላ በውኃ ቧንቧዎች ውስጥ ካንሰር አምጪ ኬሚካል ተገኝቷል።

ጽዳቱ ከመጀመሩ በፊት ጉዳቱን በፎቶግራፍ መያዝና በቀበሌ ማስመዝገብ ያስፈልጋል፤ ክምሩ ከተነሣ በኋላ የጠፋውን ንብረት ማስረዳት ይከብዳልና።